ሲጋራው ወይስ አረቄው? የቱን ልተው?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው።

«ሰላም ዶክተር። 28 ዓመቴ ነው፤ ጅማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ምንም አልነካም። ቅዳሜና እሁድ ግን ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ተሰብስበን ጫት እንቅማለን። ሲጋራ የማጨሰው ያኔ ብቻ ነው፤ በቀን ከ5 እስከ 8 ፍሬ። ማታ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን በመጠጥ ለመስበር፣ ወጣ እንልና ሁለት ቢራና አራት አምስት መለኪያ አረቄ እጠጣለሁ። ካልጠጣሁ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ አንዱን እንኳን ተው እያለችኝ ነው። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ አረቄ ጠጥቶ የሆስፒታል ደጅ አያውቅም። ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ጤነኛ ነው። ለመጪው ጾም አረቄውን በአንዴ እንዲያቆም ልናስምለው አስበናል። ለእኔስ ምን ትለኛለህ? አንዱን ብቻ መተው ብችል የቱን ልተው?»

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ስለ ራስህ ቢሆንም ከአባትህ እጀምራለሁ። የሚያጣድፈው የእሳቸው ጉዳይ ነው።

እባክህ፣ አባትህን አረቄውን በአንዴ እንዲተዉ እንዳታስምሏቸው። ጠዋት ሳይቀምሱ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሰውነታቸው አልኮሉን ስለለመደ ነው። ማታ የጠጡት ሌሊቱን ከደማቸው ይወጣል። ሲነጋ ነርቫቸው ይረበሻል። መለኪያዋ ስትገባ ይረጋጋል። ይህ የአልኮል ጥገኝነት ነው። ሕመም ነው፤ የሚታከም ሕመም።

እንዲህ ያለ ሰው በድንገት ሲያቆም ምን እንደሚሆን እኛ ሐኪሞች በደንብ እናውቀዋለን። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጡ ይብሳል። ላብ ያጠምቃል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ልክ የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሰው ሊጥላቸው ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ሰው ይቃዣል። የሌለ ሰው ያያል፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲሄዱ ይታዩታል፣ ልጆቹን አይለይም፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ያተኩሰዋል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ሲጋራ ማቆም ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም። ጫትም እንደዚያው። እንደ አባትህ ላለ ሰው ግን አልኮልን በአንድ ቀን መቁረጥ አደገኛ ነው።

ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ያዘው» ይልና በቀጥታ ወደ ጠበል ይወስዳል። ጠበሉን አልቃወምም። እምነት ለመተው ትልቅ ጉልበት ይሰጣል፤ ከማንም መድኃኒት በላይ የበረቱበት ሰዎች አሉ። የምለው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ እዚያ ውሰዷቸው። በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጡ፣ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጡ፣ ከዚህ በፊት ጥሏቸው ያውቅ እንደሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ። አባቱን ላለማሳፈር ብሎ ቁጥሩን በግማሽ የሚቀንስ ልጅ ብዙ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመጥነው ግን በዚያ ቁጥር ነው።

ሕክምናው የተወሳሰበ አይደለም። ነርቩን የሚያረጋጋ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ይሰጥና ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ቫይታሚን ቢ1 አብሮ ይሰጣል፤ ለረጅም ዓመት የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ስለሚያልቅበት አንጎሉ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል። ዲያዜፓም ከፋርማሲ ገዝታችሁ በቤት ውስጥ እንዳትሰጧቸው። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቋርጥ ይችላል። እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስም የለመዱትን በድንገት አትንጠቋቸው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሕክምናውን ከጨረሱ መሃላው ያን ጊዜ ያምርባቸዋል።

«የሆስፒታል ደጅ አያውቅም» ስላልከው አንድ ነገር ልጨምር። ጉበት ብዙው ክፍሉ እስኪጎዳ ድረስ አያምም። ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሆድ ውኃ ሲይዝ በሽታው ሩቅ ሄዷል። ደግሞ በዚህ ዕድሜ የምናያቸው ጠጪዎች በሕይወት የቀሩት ብቻ ናቸው። በአባትህ ወጣትነት አብረዋቸው ይጠጡ የነበሩትን ስም እየጠራህ ጠይቃቸው። ስንቶቹ አሉ? ሌሎቹ በምን ሄዱ? መልሱን ከእኔ ይልቅ ከእሳቸው ብትሰማው ይሻላል።

አሁን ወደ አንተ።

አንዱን ብቻ ከሆነ መልሴ ሲጋራው ነው። ሳላመነታ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል። አልኮል እ.ኤ.አ. በ2019 የገደለው 2.6 ሚሊዮን ያህል ነው። ሁለቱም ብዙ ነው፤ ግን የትምባሆው ከእጥፍ በላይ ነው። የእንግሊዝ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የአገራቸውን ሐኪሞች መከታተል ጀመሩ። ክትትሉ 50 ዓመት ዘለቀ። ማጨሳቸውን የቀጠሉት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞቱ። በዚያው ጥናት በ30 ዓመታቸው ያቆሙት ግን ያን 10 ዓመት ከሞላ ጎደል በሙሉ አስመለሱት። በ40 ያቆሙት 9 ዓመት፣ በ50 ያቆሙት 6፣ በ60 ያቆሙት 3 ዓመት አተረፉ። አንተ 28 ነህ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አታገኝም።

«እኔ እኮ አጫሽ አይደለሁም፣ ስቅም ብቻ ነው» እንደምትል አውቃለሁ። ጅማ ውስጥ በየቀኑ የምሰማው ነው። እስቲ እናስላው። ቅዳሜና እሁድ ተደምሮ ከ10 እስከ 16 ፍሬ ታጨሳለህ። ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን ሁለት ገደማ ነው። ሁለት ፍሬ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ ሌላ ነገር አሳየ። በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው፣ በቀን 20 የሚያጨሰው ላይ ከሚጨመረው የልብ ሕመም አደጋ ግማሽ ያህሉን ይሸከማል። ከ20 ወደ 1 የወረደ ሰው አደጋው በ20 እጥፍ አይቀንስም ማለት ነው። ሳንባ ላይ ቁጥሩ ለውጥ ያመጣል። ልብና የደም ሥር ላይ ግን «ትንሽ» የሚባል ማጨስ የለም።

ሲጋራውን ብቻ ለይተህ መተው ግን ይከብድሃል። ለምን እንደሆነ ረጋ ብለህ አንብብ፤ የአንተ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው።

የምታደርጋቸው ሦስት ነገሮች አንድ ሰንሰለት ናቸው። ጫቱ ሲጋራውን ይጠራል። ምርቃናው አረቄውን ይጠራል። አረቄው ደግሞ ሌላ ሲጋራ ይጠራል፤ ማታ እየጠጣህ ስንት እንደምታጨስ ቆጥረህ አታውቅም ብዬ እገምታለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሐራራ የማያስቸግርህም ለዚህ ነው። አንተን የሚያስጨስህ ከኒኮቲኑ ይልቅ በርጫው፣ ለመቃም የምትሰበሰቡት ነገር፣ ነው።

ሰውነትህ ውስጥ ደግሞ የሚሆነው ይህ ነው። የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ። ልብን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ኒኮቲንም ይህንኑ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላህን ልብህ በሁለቱ እየተገረፈ ይውላል። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደምህ ሊሸከመው የሚገባውን ኦክስጅን ይሻማል። ልብ ብዙ ይሠራል፣ ትንሽ ይደርሰዋል። የመን ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ጫት መቃምን ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር አያይዘውታል። ማታ በአንድ ቁጭታ ብዙ መጠጣት በበኩሉ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል፤ በወጣትም ላይ ያጋጥማል።

ጨብሲ ምርቃናውን «ይሰብራል» ይባላል። እውነቱን ለመናገር አይሰብረውም፤ ይሸፍነዋል። ሁለቱ ተቃራኒ ስሜቶች አንዱ ሌላውን ይደብቃሉ እንጂ አይጠፋፉም። ምርቃናው ላይ ስትጠጣ ስካሩ ቶሎ አይሰማህም። «እኔን አረቄ አይዘኝም» የምትለው ያኔ ነው። አልኮሉ ግን በደምህ ውስጥ ልኩ ልክ ነው። ስለዚህ ትጨምራለህ።

ስንት እንደምትጠጣም እንየው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ 5 በመቶ አልኮል ካለው፣ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል ይይዛል። የቤት አረቄ ጉልበቱ ከቤት ቤት ይለያያል። 45 በመቶ ነው ብንልና መለኪያዋ 30 ሚሊ ሊትር ብትይዝ፣ አንዷ ከ10 ግራም ትንሽ በላይ ነች። ሁለት ቢራና አራት አምስት መለኪያ ማለት ከ68 እስከ 79 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ መጠጣትን ከባድ መጠጣት ይለዋል። ቅዳሜም እሁድም ታልፈዋለህ።

ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም አካባቢ ነው። እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከጀመርክ፣ ሰኞ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ጅማ መርካቶ የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ስትጭን አልኮሉ ገና ከደምህ ሳይወጣ ሊሆን ይችላል። እንቅልፍም አልጠገብክም። ቡና አያፋጥነውም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም አያፋጥነውም። ዕድሜህንና ሥራህን ሳይ በአጭር ጊዜ በጣም የምፈራልህ ካንሰሩን አይደለም፤ ይህን የሰኞ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ሌሊት ወደ ቤት የምትመለስበትንም መንገድ ጨምርበት።

እንቅልፉስ? አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ላብ፣ ቅዠት፣ ውኃ ጥም፣ ሽንት። ሰኞ የሚጫጫንህ ድብርትና ዱካክ የጫቱ ብቻ እንዳይመስልህ።

የረጅሙን ጊዜ ጉዳት በአጭሩ ልለፈው። ሲጋራ ሳንባን፣ የደም ሥርን፣ ልብን፣ አንጎልን ይጎዳል፤ የወንድነት አቅምንም ይቀንሳል። አልኮል ጉበትን፣ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽትን፣ ነርቭን፣ ጨጓራን ይጎዳል። ሁለቱም የሳንባ ነቀርሳን ያቀርባሉ፤ ይህ በአገራችን ተራ ጉዳይ አይደለም። የማልዘልለው አንድ ነገር ግን አለ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ትምባሆም በዚያው መደብ ውስጥ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ለአፍ፣ ለጉሮሮና ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ያላቸው አደጋ መደመር ብቻ አይደለም፤ ይባዛል። አልኮሉ የአፍና የጉሮሮን ስስ ሽፋን ያሳሳል፤ በጭሱ ውስጥ ያሉት መርዞች በቀላሉ ይገባሉ። አንዱን ስትተው ከማባዛቱም ትወጣለህ። ባለቤትህ «አንዱን እንኳን» ያለችው ከምታስበው በላይ ትክክል ነች።

በርጫ ላይ የሚወሩ ሁለት ነገሮችም ይታረሙ። ወተት ሲጋራን አያጥብም። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ሳንባ አይደርስም። ሺሻም በውኃ ስላለፈ አይጣራም፤ የአንድ ሰዓት ሺሻ ከአንድ ሲጋራ ጭስ 100 እጥፍና ከዚያ በላይ ጭስ ሊያስገባ ይችላል።

የባለቤትህ ነገር ከሁሉም ያሳስበኛል። የምትቅሙት እቤትህ ነው። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አራት አምስት ሰው እያጨሰ፣ እሷ ቡና እያፈላች። ጭሳችሁን እሷም ትስባለች። ልጁም በእሷ በኩል ይደርሰዋል። ነፍሰ ጡር የሌላ ሰው ጭስ ስትስብ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ከተወለደ በኋላም በሲጋራ ጭስ ውስጥ የሚያድግ ሕፃን የሳንባ ምችና አስም ያጠቃዋል፤ በእንቅልፉ በድንገት የመሞት አደጋውም ይጨምራል። መስኮት መክፈት ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ፣ ሌላውን ብትተውም ባትተውም፣ ቤትህ ውስጥ ማንም አያጭስ። ጓደኛ ይቀየማል ብለህ አትፍራ። «ቤቱ ነፍሰ ጡር አለበት» የሚለውን ቃል የማያከብር ሰው ጅማ ውስጥ የለም። እሷም ብትሆን ጠላም ሆነ ፋርሶ በዚህ ጊዜ አትቅመስ፤ ለጽንስ ደህና ነው የሚባል የአልኮል መጠን የለም።

እንዴት ትጀምር?

ሲጋራውን ለማቆም መጀመሪያ በርጫውን አንቀሳቅሰው። ጫቱንም ጨርሰህ ብትተው እመርጣለሁ። ያ ዛሬ ካልሆነልህ ቢያንስ አንድ ቅዳሜ ምረጥ፤ በዚያ ቀን አትቅም። ከሰዓት በኋላውን ባዶ አትተወው። ባዶ ቅዳሜ መጨረሻው ጫት ቤት ነው። ባለቤትህን ይዘህ አጋሮ ዘመድ ጠይቅ፣ ጅሬን ውጡ፣ ባጃጅህን አስጠግን፣ ኳስ ተጫወት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊጫጫንህ፣ ሊያነጫንጭህ፣ ሕልም ሊበዛብህ ይችላል። ያልፋል። ሐራራው ሲመጣም አንዱ ማዕበል ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ ውኃ ጠጣ፣ ተነስተህ ተራመድ፣ ለአንድ ሰው ደውል።

ጨርሰህ መተው ካቃተህ ጫቱን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አቁም። ማታ ላይ ምርቃናው ይቀዘቅዛል፤ ጨብሲ የምትፈልግበት ምክንያትም ይጠፋል። ከጓደኞችህ መካከል መተው የሚፈልግ አንድ ሰው አታጣም። እሱን ለብቻው አናግረው። በቡድን የተገባበት ነገር ለሁለት ሲሆን ለመውጣት ይቀላል። ሲጋራ በፍሬ በምትገዛበት ሱቅ እንዳታልፍ መንገድህን ቀይር፤ ክብሪትና ላይተርም ኪስህ ውስጥ አይኑር።

የአንተ መጠጥ እንደ አባትህ የዕለት ጥገኝነት ላይ ስላልደረሰ በራስህ ብታቆም አያሰጋህም። ሆኖም ጠዋት እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ወይም በሥራ ቀን ካልጠጣሁ የምትል ከሆነ፣ ብቻህን አትታገል፤ ና።

ሰውነትህ ምላሹን አያዘገይም። ከመጨረሻው ሲጋራ 20 ደቂቃ በኋላ የልብ ምትህ መውረድ ይጀምራል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከደምህ ይወጣል። በአንድ ዓመት ሲጋራው ያመጣብህ የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ባለቤትህ ለሚቀጥለው የእርግዝና ክትትል ስትሄድ አብረሃት ሂድና እዚያው የደም ግፊትህን ተለካ። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ሁለታችሁም አድርጉ። ይህ ቫይረስ በአገራችን የተስፋፋ ነው፤ ከአልኮል ጋር አንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ ጉበቱ ቶሎ ይጠፋል። ነፃ ከሆንክ በሦስት ዙር የሚሰጥ ክትባት አለ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለህ ደግሞ የአክታ ምርመራ ጠይቅ፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው። አባትህንም በዚያው ሳምንት ይዘሃቸው ና።